በውጭ አገር ጉዞ ላይ የአካባቢውን ጣፋጭ መቅመስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሙ የገነነ ጣፋጭ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ቀምሶ፣ «ያ ሁሉ የተወራለት ይሄ ነው?» የሚል መንገደኛ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያበላሸው ሰዓቱ ነው፤ ጣፋጩ ከምድጃ ወይም ከድስት ከወጣ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የተበላው። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች ውስጥ «መቼ ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል።

ጥሩ ኬክ ቤት በምን ይለያል?

መጀመሪያ የዓይነቱን ብዛት ይመልከቱ። ጥቂት ዓይነት ብቻ አቅርቦ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትና የሚተካ ቤት፣ መደርደሪያ ሙሉ ኬክ ደርድሮ ገዢ ከሚጠብቅ ቤት ይሻላል። የሰፈሩ ሰው በካርቶን አስጠቅልሎ ሲወጣ ማየትም ደህና ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጣፋጭ የራሱ መታወቂያ አለው።

ጣሊያን ውስጥ ጄላቶ፣ ማለትም የጣሊያን አይስክሬም፣ ሲገዙ ቀለሙን ይዩ። ፒስታሽዮው ደብዘዝ ብሎ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ሙዙ ግራጫ የነካው ነጭ፣ ሚንቱ ነጭ ከሆነ ቀለም አልተጨመረበትም። ከዕቃው አፍ በላይ ተቆልሎ የሚታየው ጄላቶ ሳይፈርስ እንዲቆም ብዙ አየርና ማጠንከሪያ ያስፈልገዋል። ክዳን ባለው ጥልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ የተቀመጠው ቅዝቃዜው ስለማይዋዥቅ ልስላሴው ይጠበቃል። ላዩ ላይ የበረዶ ቅንጣት ካዩ አንዴ ቀልጦ እንደገና የረጋ ነውና ይለፉት።

ሲሲሊ ውስጥ ካኖሊ የሚገዛው ባዶ ቅርፊቶቹ ተደርድረው፣ ሪኮታ ከሚባለው ለስላሳ አይብ የሚሠራው ክሬም ደንበኛ ሲያዝ ብቻ ከሚሞላበት ቤት ነው። አስቀድሞ የተሞላው የሪኮታው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ስለሚገባ፣ ሲነከስ በመሰባበር ፈንታ ይለጠጣል።

ፈረንሳይ ውስጥ «ቡላንዥሪ» (ዳቦ ቤት) የሚለውን ስም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለጠፍ የሚችለው ዳቦውን እዚያው ቤት አቡክቶ የሚጋግር ብቻ ነው። ይህ ሕግ ግን ዳቦን እንጂ ክሩዋሳንን አይመለከትም፤ ክሩዋሳኑ ከፋብሪካ በረዶ ሆኖ መጥቶ እዚያ የተጋገረ ሊሆን ይችላል። «ኦ ቤር?» ብለው ይጠይቁ፤ በቅቤ የተሠራ ነው ወይ ማለት ነው። በልማድ ቀጥ ያለው የቅቤ፣ የጎበጠው የማርጋሪን ነው፤ ሁሉም ቤት ግን ይህን አይጠብቅም። የማያሳስተው አፍ ነው፦ ቅቤ በአፍ ሙቀት ይቀልጣል፣ ማርጋሪን ላንቃ ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን ይተዋል።

በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ይመረጣል?

ክሩዋሳንና ሌሎች በቅቤ የተጣጠፉ ሊጦች የጠዋት ናቸው። ጥቂት ሰዓት ከቆዩ ቅርፊታቸው ከአየሩ እርጥበት ይስብና ይልማል። የክሬም ኬኮች ብዙ ቤት ውስጥ ተጠናቀው የሚወጡት ረፋድ ላይ ስለሆነ ከረፋድ እስከ ምሳ ምርጫው ሰፊ ነው። በዘይት የሚጠበሱት፣ እንደ ህንዱ ጃሌቢና እንደ ስፔኑ ቹሮ ያሉት፣ የተወሰነ ሰዓት የላቸውም፤ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ሲወጡ መቀበል ነው። ተጠብሶ ተከምሮ የቀዘቀዘ ጃሌቢ ላይ ገንዘብ አያውጡ፤ ያ ሽሮፑን ያዘለ ቀጭን ቅርፊት የለም፣ የሚቀረው ስኳር ብቻ ነው።

ጃፓን ውስጥ በትላልቅ መደብሮች ምድር ቤት ያሉት የምግብ አዳራሾች ሊዘጉ ሲሉ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳሉ። በዚያ ሰዓት «ናማጋሺ» የሚባለውን እርጥብ ጣፋጭ ከገዙ ያንኑ ዕለት ማታ ይብሉት። እሽግ ላይ ሁለት ዓይነት ቀን እንዳለም ይወቁ፦ «ሾሂ ኪገን» ካለፈ አይበላም፤ «ሾሚ ኪገን» ካለፈ ጣዕሙ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ወዲያው የተበላሸ አይደለም።

ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ኬክ ቤቶች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ የጉዞ ዕቅድዎ ላይ ይህን ያስቡበት።

በአንድ ቀን ስንት ዓይነት ልቅመስ?

ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ ካለፈ ምላስ የሚነግርዎ «ይጣፍጣል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቀረፋውን፣ የብርቱካን ልጣጩን፣ የተቆላውን ፍሬ መለየት ያቆማል። ከእያንዳንዱ ሁለት ጉርሻ ይበቃል፤ ለሁለት ሰው አንድ ማዘዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። ፍራፍሬ ያለባቸውን ያስቀድሙ፣ ከዚያ የወተትና የእንቁላል ክሬም ያለባቸውን፣ ቀጥሎ ቸኮሌት፣ በሽሮፕ የራሱትን መጨረሻ። ሽሮፕ ካስቀደሙ ተከትሎ የሚመጣው የፍራፍሬ ኬክ ጎምዛዛ ብቻ ይመስልዎታል። በየመሃሉ ለብ ያለ ውሃ ወይም ስኳር የሌለበት ሻይና ቁራሽ ነጭ ዳቦ አፍን ያጠራል። በረዶ ያለበት ውሃ አይሆንም፤ ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል። የቀለጠ አይስክሬም ከረጋው ይልቅ ስኳሩ የሚበዛ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከፍሪጅ የወጣ የቸኮሌት ኬክ ወይም ማካሮን (በአልሞንድ የሚሠራው የፈረንሳይ ጣፋጭ) ከመቅመስዎ በፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ።

ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት ልዘዝ?

በጣት ማሳየት በየትም ይሠራል፤ የሚያስቸግረው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ጣሊያን ውስጥ በብዙ ቡና ቤቶች መጀመሪያ ሂሳብ ከፍለው፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ባንኮኒው ይሄዳሉ፤ ባንኮኒ ላይ ቆሞ መብላት ተቀምጦ ከመብላት ይረክሳል። ሜክሲኮ ውስጥ የዳቦና የጣፋጭ ቤቶች መግቢያ ላይ ትሪና መቆንጠጫ ያገኛሉ፤ የፈለጉትን ራስዎ አንስተው ወደ ሂሳብ ይወስዳሉ፤ በእጅ መንካት ነውር ነው። ቱርክ ውስጥ ባቅላቫ በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ «ሁለት ፍሬ» ከማለት ይልቅ ግራም ቢጠሩ ቶሎ ይግባባሉ፤ 250 ግራም ለሁለት ሦስት ሰው ለቅምሻ በቂ ነው። ከአንድ ትሪ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓይነት እንዲቀላቅሉልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥሩ ባቅላቫ ምን ይመስላል? እንዴትስ ይበላል?

የቱርኳ ጋዚያንቴፕ ከተማ ባቅላቫ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በተጠበቀ የአካባቢ ስም ተመዝግቧል። የሚሠራው ከኋላው ያለውን ሰው እስኪያሳይ ድረስ ከሳሳ ሊጥ፣ ከተነጠረ ቅቤና ከፒስታሽዮ ነው። እዚህ ላይ የቀለሙ ነገር ከጄላቶው ተቃራኒ ይሆናል። ለባቅላቫ የሚሆነው ፒስታሽዮ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ስለሚለቀም ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ያ ተፈጥሮው ነው።

ቁራሹን ከጎን ይዩት። የታችኛው ክፍል ሽሮፕ የጠገበ፣ ላይኛው ደረቅና ቅጠል ቅጠሉ ተለያይቶ የቆመ መሆን አለበት። ሹካ ሲወጉበት ስንጥቅ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ከሌለው፣ ላዩ ከረጠበና ሳህኑ ላይ ሽሮፕ ከተጠራቀመ፣ ወይ ቆይቷል ወይ ፍሪጅ ገብቶ ወጥቷል። ሲያሸቱት የቅቤ መዓዛ እንጂ የከረመ ቅባት ሽታ ሊኖረው አይገባም።

አበላሉ እንዲህ ነው፦ ቁራሹን በሹካ ወግተው ይገለብጡታል፣ ሽሮፕ የጠገበው ሆዱ ወደ ላንቃ እንዲዞር። ደረቁ ጀርባ ላንቃን አይቧጥጥም፣ ቅቤውና ሽሮፑም ቀድመው ይሰማሉ። ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አጠገብ ይኑር።

ሌሎችስ የራሳቸው አበላል አላቸው?

ከቀጫጭን የሊጥ ክርና ከአይብ የሚሠራው ኩናፋ የሚበላው ትኩስ እንዳለ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው አይብ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ «ቆይቼ እበላዋለሁ» የሚባል ነገር የለውም። የፖርቱጋሉ የእንቁላል ክሬም ኬክ፣ ፓስቴል ደ ናታም ለብ እንዳለ ይበላል፣ ከላዩ ቀረፋና የተፈጨ ስኳር ተነስንሶበት። ላዩ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ከኃይለኛ ምድጃ የመጡ ናቸው፣ አረረ ብለው አይመልሱት። ሊዝበን ውስጥ «ፓስቴሽ ደ ቤለም» የሚባለው ግን ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤለም ሰፈር የሚሸጠው የአንዱ ቤት ብቻ ነው።

የቪየናው የቸኮሌት ኬክ፣ ዛኸርቶርተ፣ ከስኳር ነጻ ከሆነ የተመታ ክሬም ጋር ይቀርባል። ክሬሙን ለጌጥ አይተው አይለፉት፤ ኬኩ ደረቅ ያለ ስለሆነ በየጉርሻው አብሮ መነሳት አለበት። የቻይናው የጨረቃ ኬክ ለአራት ወይም ለስምንት ተቆርጦ ከሻይ ጋር የሚበላ ነው፤ አንዱን ሙሉ ብቻዎን ለመጨረስ አይሞክሩ። ጃፓን ውስጥ ከማቻ ሻይ ጋር የሚመጣው ጣፋጭ ከሻዩ በፊት ይበላል፤ የማቻው ምሬት የሚጥመው ያኔ ነው።

ሞቺ ለልጅና ለአዛውንት አደገኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ተወቅጦ የሚሠራው የሩዝ ሊጥ ይለጠጣል፣ ይጣበቃል፣ በምራቅ ቶሎ አይሟሟም። በየአዲስ ዓመቱ ጃፓን ውስጥ በሞቺ ታንቀው የሚሞቱ አዛውንቶች አሉ። ከአውራ ጣት ጥፍር ባልበለጠ መጠን ቆርጠው፣ ቁጭ ብለው፣ አላምጠው ይዋጡ፤ እየተራመዱ ወይም እየሳቁ አይሆንም። ለሕፃናት አይስጡ። በጥር መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ «ጋሌት ደ ሩዋ» ሲበሉም ይጠንቀቁ፤ በውስጡ ትንሽ የሸክላ ቅርጽ ተደብቆ ስለሚጋገር በኃይል የነከሰ ሰው ጥርሱን ሊሰብር ይችላል።

አለርጂ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ከመነሳትዎ በፊት የማይስማማዎትን ነገር በሚሄዱበት አገር ቋንቋ በካርድ ላይ አጽፈው ይያዙ። «አለርጂ አለብኝ» ብቻ አይበቃም፤ «ትንሽም ብትነካካ ታሳምመኛለች፤ መቁረጫውና መቆንጠጫው ተለይቷል ወይ?» የሚል ይኑርበት። ብዙ ሰው የሚታመመው ጣፋጩ ውስጥ ባለው ነገር ሳይሆን ሁሉንም በሚያነሳው አንድ መቆንጠጫ ነው።

የአገሮቹ ሕግ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት 14 የአለርጂ ምንጮች መገለጽ አለባቸው፣ ሳይታሸግ ለሚሸጥ ኬክም ጭምር፤ ስለዚህ ባንኮኒ ላይ መጠየቅ መብትዎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሊጥ ተጨምሮ ዝርዝሩ 9 ሆኗል። የጃፓን ግዴታ የሚመለከተው የታሸገውን ነው፤ ባንኮኒ ላይ በፍሬ የሚሸጠው መረጃ ላይኖረው ይችላል። ርካሽ የፒስታሽዮ ጣፋጭ ውስጥ ኦቾሎኒ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፣ ማርዚፓን የሚባለው አልሞንድ ነው፣ ሐላዋ ሰሊጥ ነው። አድሬናሊን መርፌ የታዘዘልዎ ከሆነ ሆቴል ትተውት አይውጡ።

የአሳማ ስብ፣ ጄላቲንና አልኮል የት የት ይደበቃሉ?

የአሳማ ስብ በሲሲሊ የካኖሊ ቅርፊት፣ በስፔን «ፖልቮሮን» ብስኩት፣ በአንዳንድ የሜክሲኮ ጣፋጭ ዳቦዎችና በቻይና ድርብርብ ሊጦች ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ጄላቲን ማርሽማሎ፣ ተለጣጭ ከረሜላ፣ ፓና ኮታና የሙስ ኬክ ውስጥ ይፈልጉት፤ ከምን እንስሳ እንደሆነ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። አልኮልን በተመለከተ፣ የካኖሊ ሊጥ በወይን ሊቦካ ይችላል፣ ቲራሚሱ ብዙ ጊዜ ማርሳላ ወይም ሮም አለበት፣ የጀርመኑ «ሽቫርትስቬልደር» የቼሪ ኬክ ደግሞ የቼሪ አረቄ የአዘገጃጀቱ አካል ነው። ባባ የሚባለው ከነአካቴው በሮም የተነከረ ነው።

ህንድ ውስጥ ሥራው ይቀላል። የታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ክብ ካለ ሥጋም፣ የእንስሳ ስብም፣ እንቁላልም የለበትም፤ ወተት ግን ሊኖርበት ይችላል።

ወተትና እንቁላል የሌለበት ጣፋጭ ይገኛል?

በብዛት። የቱርክ ሎኩም ስኳር፣ ውሃና ስታርች ነው። የሰሊጥ ሐላዋ፣ ከቀይ ባቄላ የሚሠሩት አብዛኞቹ የጃፓን ጣፋጮች፣ በውሃ የሚሠራ ሶርቤ ይቆጠራሉ። የስፔኑ ቱሮን ግን የእንቁላል ነጭ አለበት፤ ጃሌቢም በእርጎ ሊቦካና በቅቤ ሊጠበስ ስለሚችል ይጠይቁ።

ከመንገድ ዳር መብላት ያሳምማል?

የሚወስነው የጣፋጩ ዓይነት ነው፤ ቦታው ያን ያህል አይደለም። ዓይንዎ እያየ ከሚፈላ ዘይት የወጣ፣ ወይም ስኳሩ በዝቶ ውሃው ያነሰ፣ እንደ ባቅላቫ፣ ሐላዋና ኑጋ ያለው፣ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባበትም። የሚያስፈራው ክሬም፣ ኩስታርድና እርጥብ አይብ ነው። በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ የክሬም ጣፋጭ አይበላም። እንደገና ማሞቅም መፍትሔ አይደለም፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አንዴ የረጨው መርዝ በሙቀት አይጠፋም። ትውከቱ የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የቧንቧ ውሃ በማይጠጣበት አገር የተፋቀ በረዶ ላይ ሽሮፕ የሚፈስበትን ጣፋጭ ይተዉት። ቲራሚሱና ሙስ ጥሬ እንቁላል ሊኖርባቸው ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች ይጠይቁ።

ሆዴ ከተበላሸ?

ፈሳሽ መተካት ይቀድማል። የተዘጋጀ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ለጥ ብሎ ሞልቶ፣ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ጨውና ስኳሩን በግምት አያድርጉ፤ ሲበዛ ተቅማጡን ያብሳል። ደም ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የጠጡት አልረጋ ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰውስ?

መቅመስ ይችላል፣ ግን ከመንገዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። አንድ ነገር ብዙዎችን ያታልላል፦ ቅቤና ክሬም የበዛበት ጣፋጭ ስኳሩን ወደ ደም የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የተለካው ደህና ሆኖ፣ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቴ ይለኩ። ኢንሱሊን ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ።

ወደ ቤት ምን ይዤ ልመለስ? ፍሪጅ ይገባል?

ሎኩም፣ ሐላዋ፣ ኑጋ፣ ማርዚፓንና ደረቅ ብስኩት መንገድ ይችላሉ። ባቅላቫ ለመንገድ ሲገዙ «ኩሩ ባቅላቫ» ብለው ይጠይቁ፤ ሽሮፑ ያነሰ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው። ሁለቱንም፣ ሎኩምንም ባቅላቫንም፣ ፍሪጅ አያስገቡ፦ ሎኩሙ ያልበዋል፣ የባቅላቫው ቅቤ ይረጋል። ማካሮን በተቃራኒው ፍሪጅ ይወዳል፣ ግን በቀላሉ ስለሚሰበር በእጅ ይያዝ። ካኖሊ የሚወስድ ሰው ቅርፊቱን ለብቻ፣ ሪኮታውን ለብቻ ያስጠቅልል፤ ያውም ሪኮታው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ለአጭር መንገድ ብቻ።

በብዙ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ ማር፣ ማርማላታና የሚቀባ ክሬም እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፉም። ጉምሩክ ላይ ደግሞ አውስትራሊያ ሲገቡ የያዙትን ምግብ ሁሉ ያስመዝግቡ፤ ከረሜላ ብቻ ቢሆንም። ሲንጋፖር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስቲካ አታስገባም። አሜሪካ በውስጡ መጫወቻ ያለበትን የቸኮሌት እንቁላል ትከለክላለች። በመካከለኛው አውሮፓ የተወደደው የፖፒ ፍሬ ያለበት ኬክ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ላይ ችግር ያመጣል፤ ፍሬው እዚያ የተከለከለ ነው።

የበዓል ጣፋጭ ለመቅመስ መቼ ልሂድ?

ፖላንድ ውስጥ «ፖንችኪ» የሚጧጧፈው ከካቶሊኮች ዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ ነው። ሜክሲኮ «ፓን ደ ሙዌርቶ» በኖቬምበር 1 እና 2 አካባቢ፣ ቻይና የጨረቃ ኬክ በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን፣ ቱርክ ውስጥ ወተት የጠገበው «ጉላች» በረመዳን። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድሞ መድረስ ይሻላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ በቅናሽ የሚሸጠው የተረፈው ነው።

የተረፈኝን ክሩዋሳን በማግሥቱ እንዴት ላድነው?

ማታ ፍሪጅ አያስገቡት፤ ሊጥ በፍጥነት የሚደርቀው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። በወረቀት ከረጢት ጠቅልለው ውጭ ያሳድሩት። ጠዋት በ150 ወይም በ160 ዲግሪ ምድጃ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያሙቁት፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ቅርፊቱ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ይልማል፣ ጥቂት ቆይቶም ይደርቃል። ከአንድ ቀን በላይ ለማቆየት ካሰቡ በገዙበት ቀን ፍሪዘር ያስገቡትና ሳያቀልጡ በቀጥታ ምድጃ ውስጥ ያድርጉት፤ ጊዜውን ወደ 10 ወይም 12 ደቂቃ ከፍ አድርገው።